አይዲያሊዝምን በስታንፎርድ የፍልስፍና ኢንሳይክሎፒዲያ መማር፦ ከየት ይጀመራል፣ ምኑስ ይታለፋል?

በነፃ ከሚገኙ የፍልስፍና ማመሳከሪያዎች ውስጥ የስታንፎርድን የፍልስፍና ኢንሳይክሎፒዲያ የሚስተካከል የለም። ይህን ያለማመንታት እንናገራለን። ሆኖም አይዲያሊዝም የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ብሎ የሚከፍተው ሰው፣ ብዙውን ጊዜ «አይዲያሊዝም» የሚለውን መጣጥፍ ከላይ ወደ ታች ማንበብ ይጀምርና ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ጋ ሳይደርስ ይተወዋል። ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም፤ መጣጥፉም ደካማ ሆኖ አይደለም። የተጻፈው የዘመናዊ ፍልስፍናን ታሪክ በመጠኑም ቢሆን ለሚያውቅ ሰው ስለሆነ ነው። አገልግሎቱ የሚጠቅመው ቅደም ተከተሉን ለሚያውቅ ነው፤ የማይመልሳቸው ጥያቄዎችም አሉ።

ኢንሳይክሎፒዲያው በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1995 በኤድዋርድ ዛልታ ዋና አዘጋጅነት ተጀመረ፤ እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ከመነሻው ለኢንተርኔት ተብሎ የተሠራ እንጂ ከወረቀት የተገለበጠ አይደለም። ዛሬ ከ1,700 በላይ መጣጥፎች አሉት። እያንዳንዱን የሚጽፈው በርዕሱ ላይ የሠራ ምሁር ነው፤ ከመውጣቱ በፊት የዘርፉ አዘጋጆች ይመረምሩታል፤ ከወጣም በኋላ ጸሐፊው በየጊዜው እንዲያድሰው ይጠየቃል። ምዝገባ የለም፣ ማስታወቂያ የለም፣ ለማንበብም ክፍያ የለም። ገጹ ከሞላ ጎደል ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ደካማ ኔትወርክ ላይም ይከፈታል፣ የስልክ ዳታም አይበላም። አድራሻው ፕሌቶ ዶት ስታንፎርድ ዶት ኢዲዩ ነው። በአማርኛ የተጻፈ መጣጥፍ የለውም፤ መፈለጊያው ላይም ርዕሱን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ግድ ነው።

ከመክፈታችሁ በፊት ግን የትኛውን አይዲያሊዝም እንደምትፈልጉ ለዩ። ለበጎ ዓላማ የቆመን፣ ውሎ አድሮ መልካሙ ያሸንፋል ብሎ የሚያምንን ሰው አይዲያሊስት እንለዋለን፤ ይህ ስለ ሰው ጠባይ የሚነገር ነው። በፍልስፍና ትምህርት ክፍል ውስጥ ደግሞ ቃሉ ስለ ጠባይ ምንም አይናገርም፤ የሚጠይቀው ያለው ነገር ሁሉ በመጨረሻ ምን እንደሆነ፣ ከአእምሮስ ውጭ የሆነን ነገር ማወቅ ይቻል እንደሆነ ነው። በዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ሌላ ሦስተኛ ነገር ነው፤ መንግሥታት በሕግና በማኅበር ሰላምን ማጽናት ይችላሉ የሚል አመለካከት። ሦስቱን ሳይለዩ የሚጻፉ የተማሪ ወረቀቶች ቁስ የለም ያለውን ፈላስፋ በርክሌይን የሰብዓዊ መብት ተሟጋች፣ የመንግሥታት ማኅበርን ያቀነቀነውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰንን ደግሞ ቁስ አካል የለም ባይ ያደርጓቸዋል። የስታንፎርዱ መጣጥፍ በሰፊው የሚመልሰው ሁለተኛውን ብቻ ነው። የመጀመሪያውን በመግቢያው ላይ በጥቂት ዐረፍተ ነገር ነክቶ ያልፈዋል፤ ሦስተኛው ሌላ መጣጥፍ ውስጥ ነው የሚገኘው።

መጣጥፉን የጻፉት ፖል ጋየር እና ሮልፍ-ፒተር ሆርስትማን የሚባሉ ሁለት የካንትና የጀርመን ፍልስፍና ሊቃውንት ናቸው። መጀመሪያ የወጣው በ2015 ሲሆን በ2021 ታድሷል። የመጀመሪያው ክፍል፣ መግቢያው፣ ከመጣጥፉ ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ነው ብንል አልተጋነነም፤ ሁለት ልዩነቶችን ያስቀምጣልና። አንደኛው ቃሉ አንድን የፍልስፍና አቋም ለመግለጽ ሲውልና ተቃዋሚን ለመውቀስ ሲውል ያለው ልዩነት ነው። ሁለተኛው በህልውና አይዲያሊዝምና በዕውቀት አይዲያሊዝም መካከል ያለው ነው። የህልውናው፣ የነገር ሁሉ መሠረት አእምሮ ወይም መንፈስ ወይም ፈቃድ ነው፣ እንዲያውም ከዚያ ሌላ ምንም የለም ይላል። የዕውቀቱ ደግሞ ከአእምሮ ውጭ የሆነ ነገር መኖሩን አይክድም፤ ነገር ግን እኛ ስለዚያ ነገር የምናውቀው ሁሉ አእምሯችን ራሱ ያበጀው መልክ ያለበት ስለሆነ ነገሩን በራሱ እንዳለ አወቅን ማለት አንችልም ይላል። ይህን ሁለት መስመር በቃላችሁ እስክትይዙ ወደ ቀጣዩ ክፍል አትሂዱ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ፈላስፋ ሁሉ «ይህኛው የህልውናውን ነው የሚለው ወይስ የዕውቀቱን?» ተብሎ የሚጠየቅ ነውና፣ ልዩነቱ ያልያዘለት አንባቢ የቀረውን ቢያነብም አይጨብጠውም።

መግቢያውን እንደጨረሳችሁ መጣጥፉን ዝጉት። የሚቀጥለው የሊሳ ዳውኒንግ «ጆርጅ በርክሌይ» ነው። ዋናው መጣጥፍ ለበርክሌይ የሰጠው ቦታ ጠባብ ነው፤ አይዲያሊዝም በጠራ መልኩ የሚታየው ግን እሱ ላይ ነው። አየርላንዳዊው ጳጳስ ጆርጅ በርክሌይ ከ1685 እስከ 1753 የኖረ ሲሆን ዋና ሐሳቡን በ1710 እና በ1713 ባሳተማቸው ሁለት መጻሕፍት አስፍሮታል። ራሱን አይዲያሊስት ብሎ አልጠራም፤ የሚሟገተው ቁስ የሚባል ህልውና የለም ብሎ ነው። ክርክሩ አጭር ነው፦ ጠረጴዛን፣ ቤትን፣ ተራራን የምናውቀው በስሜት ሕዋሳታችን ነው፤ በስሜት ሕዋሳት የምናገኘው ደግሞ ቀለም፣ ጥንካሬ፣ ሙቀት፣ ቅርጽ፣ ማለትም በበርክሌይ አነጋገር አይዲያዎችን ነው፤ አይዲያ ያለሚያስተውለው አእምሮ ሊኖር አይችልም፤ እንግዲያው እነዚህ ነገሮችም ያለአእምሮ አይኖሩም።

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ በተለይ ይሳሳታል። አይዲያሊዝምን «ሐሳባዊነት» ብለን ስለለመድነው፣ በርክሌይ ዓለም ማለት የምናስበው ነገር ነው ያለ ይመስለናል። አላለም። በእርሱና ከእርሱ በፊት በነበረው በእንግሊዛዊው ፈላስፋ በሎክ አጠቃቀም አይዲያ ማለት በመጀመሪያ ደረጃ የሚቀመስ፣ የሚታይ፣ የሚዳሰስ ነገር ነው፤ የበርበሬ ማቃጠል፣ የውኃ መቀዝቀዝ አይዲያ ነው። እንደፈለግን የምንፈጥረው ሐሳብ ሌላ፣ ዐይናችንን ስንገልጥ ሳንመርጥ የሚመጣብን ሌላ ነው፤ ይህንን በርክሌይ ራሱ ይለያል፤ ሳንመርጥ የሚመጣውን የሚሰጠን እግዚአብሔር ነው ይላል። ስለዚህ ጠረጴዛው የለም አላለም። ጠረጴዛው አለ፤ የሌለው ከጠረጴዛው ጀርባ ተደብቋል የተባለው፣ ማንም የማያስተውለው ቁስ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ትልቅ ድንጋይ በእግሩ መትቶ «እንዲህ አፈርሰዋለሁ» ማለቱ ዝነኛ ነው፤ የእግሩ ሕመምና የድንጋዩ ጥንካሬ ግን በርክሌይ አይዲያ ብሎ የቆጠራቸው ስለሆኑ ምቱ ክርክሩን አይነካውም። የዳውኒንግ መጣጥፍ ይህንን ነጥብ በትዕግሥት ያስረዳል፤ ክርክሩን በቁጥር በተለዩ ዐረፍተ ነገሮች ዘርዝሮ ስለሚያቀርብም ለክፍል ውስጥ ውይይት የሚመች ነው። ቁጥሮቹን በማስታወሻችሁ ላይ ገልብጡና የትኛውን እንደምትቀበሉ፣ የትኛውን እንደማትቀበሉ ከጎኑ ጻፉ። ብዙ ሰው የሚያቅማማው «በስሜት ሕዋሳት የምናገኘው አይዲያዎችን ብቻ ነው» የሚለው ላይ ነው፤ ማቅማማትም ያለበት እዚያው ላይ ነው።

ከበርክሌይ ቀጥሎ ካንት ነው፤ ግን «ኢማኑኤል ካንት» የሚለውን አጠቃላይ መጣጥፍ ሳይሆን የኒኮላስ ስታንግን «የካንት ትራንሰንደንታል አይዲያሊዝም» ክፈቱ። ይህ መጣጥፍ ከባድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች አንብባችሁ ብታቆሙ ምንም አይቀርባችሁም፤ ከዚያ በኋላ ያለው በአብዛኛው የካንት ተርጓሚዎች እርስ በርስ የሚያደርጉት ሙግት ነው፤ ለማስተርስ ተማሪ እንጂ ለጀማሪ አይሆንም። በሁለቱ ክፍሎች ውስጥ ያለው ነገር ግን ወርቅ ነው። ካንት ዋና መጽሐፉን በ1781 አሳተመ። በ1782 የወጣ አንድ ግምገማ ሐሳቡን ከበርክሌይ ጋር አንድ አድርጎ አቀረበው። ካንት በዚህ ክፉኛ ተቆጣ፤ በ1783 መልስ ጻፈ፤ በ1787 ደግሞ መጽሐፉን አሻሽሎ ሲያወጣ አይዲያሊዝምን ውድቅ የሚያደርግ አዲስ ክፍል ጨመረበት። ራሱን ትራንሰንደንታል አይዲያሊስት ብሎ የሚጠራ ሰው አይዲያሊዝምን ውድቅ ሲያደርግ ያየ ተማሪ ራሱን ይዞ ይቀመጣል። መፍትሔው ያ የመግቢያው ልዩነት ነው። ካንት የሚክደው ከእኛ ውጭ በቦታ ውስጥ ያሉ ነገሮችን ህልውና የሚጠራጠረውን ወይም የሚያስተባብለውን አይዲያሊዝም ነው። የሚያጸናው ደግሞ ቦታና ጊዜ ነገሮች በራሳቸው ያላቸው ጠባይ ሳይሆኑ እኛ ነገሮችን የምናስተውልበት መልክ ናቸው የሚለውን ነው።

ሌላው የካንት ወጥመድ ትራንሰንደንታል የሚለው ቃል ነው። ከዚህ ዓለም በላይ የሆነ፣ መንፈሳዊ የሆነ ማለት አይደለም። ካንት ለዚያኛው ትራንሰንደንት የሚል ሌላ ቃል አለው። ትራንሰንደንታል የሚለው ማስተዋልና ማወቅ እንዲቻል አስቀድሞ መኖር ያለበትን ነገር የሚመለከት ነው። ሁለቱን ቃላት አደባልቆ ካንትን ወደ ምሥጢራዊ አስተማሪነት የሚወስድ ጽሑፍ በየማኅበራዊ ገጹ ሞልቷል፤ የስታንግ መጣጥፍ ለዚህ ጥሩ ማርከሻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው መጣጥፍ ተመለሱና የጀርመን አይዲያሊዝም የሚለውን ክፍል አንብቡ። ፊኽተ፣ ሼሊንግና ሄግል በተከታታይ ይመጣሉ። ሄግልን በተመለከተ ክፍሉ ብቻውን አይበቃም፤ የፖል ሬዲንግን «ሄግል» የሚለውን መጣጥፍ ጎን ለጎን ክፈቱት። እሱ የሚያነሳው አንድ ነገር ጠቃሚ ነው፦ ሄግልን ዓለምን ሁሉ የሚጠቀልል መንፈስ አለ ብሎ እንደሰበከ አድርገው የሚያነቡት አሉ፣ የካንትን ሥራ ወደ ፊት እንደገፋ አድርገው የሚያነቡትም አሉ፤ ሁለቱ ንባቦች ዛሬም ይከራከራሉ። ስለ ሾፐንሃወርና ስለ ኒቼ ያሉትን ክፍሎች ፈተና ከሌለባችሁ ዝለሏቸው። ስለ እንግሊዝና አሜሪካ አይዲያሊስቶች፣ ስለ ብራድሊና ስለ ሮይስ፣ የሚናገረውን ግን ቶሎ ቶሎ ብላችሁ አንብቡት፤ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጂ ኢ ሙር በ1903 አይዲያሊዝምን ለማፍረስ የጻፈው ጽሑፍ ማን ላይ እንዳነጣጠረ የሚገባችሁ ያኔ ነው። ሙር ማስተዋልና የሚስተዋለው ነገር ሁለት ናቸው ብሎ ነው የሚነሳው። ቢጫን ማየት አንድ ነገር ነው፣ ቢጫው ሌላ ነው። በርክሌይ ላይ ያቅማማችሁበት ያ ቁጥር ያለው ዐረፍተ ነገር እዚህ መልስ ሲያገኝ ታያላችሁ።

ፕላቶን ፍለጋ ማውጫውን ብታገላብጡ የራሱ ክፍል የለውም። ይህ ጉድለት አይደለም። ፕላቶ ኢዴያ ያላቸው ነገሮች በማንም አእምሮ ውስጥ የሚገኙ ሐሳቦች አይደሉም፤ «ፓርሜኒደስ» በተባለው ውይይቱ ውስጥ ሶቅራጥስ ምናልባት በነፍስ ውስጥ የሚገኙ ሐሳቦች ይሆኑ እንደሆነ ሲያነሳ ፓርሜኒደስ ወዲያው ይቃወመዋል። በብዙ የአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ ፕላቶ የአይዲያሊዝም አባት ተብሎ ይቀርባል፤ የቃል መመሳሰል ያመጣው ስለሆነ ከመድገማችን በፊት ማሰብ ይገባል። ስለ ፕላቶ ማንበብ ለሚፈልግ ኢንሳይክሎፒዲያው በመካከለኛ ዘመኑ ስለጻፈው ሜታፊዚክስ (ያለው ነገር ሁሉ በመጨረሻ ምን እንደሆነ የሚጠይቀው የፍልስፍና ዘርፍ) ራሱን የቻለ መጣጥፍ አለው።

መጣጥፉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የጎደለው ትልቁ ነገር የማርክስና የኤንግልስ ጉዳይ ነው። ሐሳባዊነት የሚለው ቃል በአማርኛ የሰፋው በአብዮቱ ዘመን የማርክሲዝም ትምህርት በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ በተሰጠበት ጊዜ ነው፤ ያኔ ከፍልስፍና አቋምነት ይልቅ ስድብነቱ ያመዝን ነበር። ጋየርና ሆርስትማን ቃሉ ለመውቀሻም ይውላል ያሉት ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። የዚያ አከፋፈል ምንጭ ኤንግልስ በ1886 ስለ ጀርመናዊው ፈላስፋ ፎየርባህ የጻፈው ጽሑፍ ነው፤ ፈላስፎችን ሁሉ መንፈስ ይቀድማል ባዮች (አይዲያሊስቶች) እና ተፈጥሮ ትቀድማለች ባዮች (ማቴሪያሊስቶች) ብሎ በሁለት ሰፈር አስቀመጣቸው። የሚገርመው እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ኤንግልስ ራሱ ተራውን አነጋገር መተቸቱ ነው፤ ሰው ማቴሪያሊዝም ሲባል ሆዳምነትንና ስካርን፣ አይዲያሊዝም ሲባል ደግሞ በጎነትንና ለሰው ማዘንን ይረዳል፣ ጥያቄው ግን ይህ አይደለም ይላል። ይህንን የኤንግልስ ነጥብ የእኛ የውይይት ክበቦች ቢይዙት ኖሮ ብዙ ሰው ባልሆነው ነገር ባልተወቀሰ ነበር። የስታንፎርዱ ዋና መጣጥፍ ለማርክስ የተለየ ክፍል ስለሌለው፣ ይህን ወገን ለማወቅ «ካርል ማርክስ» የሚለውንና ስለ ዘመናዊው ማቴሪያሊዝም ደግሞ «ፊዚካሊዝም» የሚለውን የዳንኤል ስቶልያርን መጣጥፍ ጨምሩ። የዛሬ ፈላስፎች ማቴሪያሊዝም ከማለት ይልቅ ፊዚካሊዝም ማለት ስለሚቀናቸው በአሮጌው ስም ብቻ መፈለግ ብዙ ነገር ያስመልጣል።

ለዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ የሚያስፈልገው «በዓለም አቀፍ ግንኙነት ውስጥ ፖለቲካዊ ሪያሊዝም» የሚለው የኮራብ-ካርፖቪች መጣጥፍ ነው። አይዲያሊዝም እዚያ ያለው በተቃዋሚው ስም ሥር ነው፤ «አይዲያሊዝም» ብሎ የሚፈልግ አያገኘውም፣ ብዙ ተማሪም እዚህ ላይ ነው የሚጠፋው። በመጣጥፉ ውስጥ እንግሊዛዊው የታሪክ ሊቅ ኢ ኤች ካር በ1939 በሕልመኛ አይዲያሊዝም ላይ ያነሳው ተቃውሞ ተብራርቷል። ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በ1923 ነው፤ ጣሊያን በጥቅምት 1935 ወረረቻት፤ ማኅበሩ ማዕቀብ ቢጥልም ነዳጅ አልተካተተበትም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ በ1936) ጄኔቫ ላይ ቀርበው ተናገሩ፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ማዕቀቡ ተነሣ። ኃይልንና ጥቅምን የሚያስቀድመው ሪያሊስት ይህን ማኅበሩ የቆመበት እምነት ባዶ ለመሆኑ ማስረጃ ያደርገዋል። አይዲያሊስቱ ደግሞ የከሸፈው መርሁ ሳይሆን መርሁን ያልፈጸሙት መንግሥታት ናቸው ብሎ ይመልሳል፤ የንጉሠ ነገሥቱ ንግግርም የሚያዘነብለው ወደዚህኛው ነው። የወረቀት ርዕስ ለሚፈልግ ተማሪ ከዚህ የተሻለ የለም።

ሪያሊዝም የሚለውም ቃል እንደዚሁ ሁለት ቦታ ሁለት ነገር መሆኑን አትርሱ። በፖለቲካ ኃይልንና ጥቅምን ማስቀደም ነው፤ በሜታፊዚክስ ነገሮች ከእኛ አስተሳሰብ ተነጥለው አሉ ማለት ነው። አንድ ሰው በሜታፊዚክስ ሪያሊስት ሆኖ በፖለቲካ አይዲያሊስት ቢሆን ምንም ተቃርኖ የለበትም። ለሜታፊዚክሱ የአሌክሳንደር ሚለር «ሪያሊዝም» አለ። ከፍ ያለ ዓላማን፣ ከግዴታ በላይ የሆነ በጎ ሥራን ለሚያጠና ደግሞ የዴቪድ ሄይድ «ሱፐረሮጌሽን»፣ ስለ ፍጹም ፍትሐዊ ሥርዓትና ስለ ጎዶሎው ዓለም የአሜሪካዊውን ፈላስፋ የጆን ሮልስን አከፋፈል ለሚፈልግ የሊፍ ዌናር «ጆን ሮልስ» ይቀርባሉ። በተራው ትርጉሙ አይዲያሊስት ስለሚባለው ሰው ራሱን የቻለ መጣጥፍ አለመኖሩን ግን እንደ እውነተኛ ጉድለት እንቆጥረዋለን፤ ብዙ ሰው ቃሉን የሚያውቀው በዚያ ነውና።

አጠቃቀሙን በተመለከተ ዋናው ነገር ማጣቀሻው ነው። በየመጣጥፉ መጀመሪያ ላይ ከሚታዩት ሊንኮች አንዱ የጸሐፊና የማጣቀሻ መረጃ ይሰጣል፤ ስትነኩት ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ መገልበጥ ብቻ ነው። ብዙ ተማሪ የሚሠራው ስህተት የገጹን ተራ አድራሻ መስጠት ነው። መጣጥፎቹ ስለሚታደሱ ዛሬ የጠቀሳችሁት አንቀጽ ነገ ላይገኝ ይችላል። ኢንሳይክሎፒዲያው ለዚህ ብሎ በዓመት አራት ጊዜ፣ በመጋቢት፣ በሰኔ፣ በመስከረምና በታኅሣሥ፣ የሁሉንም መጣጥፎች የማይለወጥ እትም በማኅደር ያስቀምጣል። ትክክለኛው ማጣቀሻ የሚከተለውን ይመስላል፦ ጋየር፣ ፖል እና ሮልፍ-ፒተር ሆርስትማን፣ «አይዲያሊዝም»፣ የስታንፎርድ የፍልስፍና ኢንሳይክሎፒዲያ፣ የ2021 ስፕሪንግ እትም፣ ኤድዋርድ ዛልታ አዘጋጅ፤ ቀጥሎ የማኅደሩ አድራሻ። በማኅደሩ አድራሻ ውስጥ የወቅቱ ስም ምሕጻርና ዓመቱ አሉ፤ የ2021 ስፕሪንግን (የመጋቢቱን) በ2015 ፎል (በመስከረሙ) ብትተኩት ያው መጣጥፍ ከመታደሱ በፊት የነበረው ይከፈትላችኋል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ምን እንደተለወጠ ማየት ለተመራቂ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል።

አምሮ የተቀናበረ ፒዲኤፍ የሚሰጠው ለኢንሳይክሎፒዲያው ወዳጆች ማኅበር አባላት ነው፤ የዓመት መዋጮ አለው፣ በውጭ ምንዛሬ በካርድ ይከፈላል። ካርድ የሌለው ሰው ምንም አይቀርበትም። ከስልክም ከኮምፒውተርም ብሮውዘሩ ላይ ፕሪንት ብሎ በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ይበቃል። ከማስቀመጣችሁ በፊት ገጹ እስከ ታች ድረስ መጫኑን አረጋግጡ፤ ረዥም መጣጥፍ በደካማ መስመር ላይ ግማሹ ብቻ ተጭኖ የሚቀመጥበት ጊዜ አለ። ዋናው አድራሻ እምቢ ካለ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠ ቅጂ ይኖር እንደሆነ ፈልጉ። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ያለ መምህር ሦስቱን መጣጥፎች፣ ማለትም የዋናውን መግቢያ፣ በርክሌይንና ካንትን፣ አስቀድሞ በፍላሽ ይዞ ቢገባ ይሻለዋል።

በብሮውዘር የአማርኛ ትርጉም ማንበብን አንመክርም። ለዜና ያገለግል ይሆናል፤ እዚህ ግን አንድ ቃል በየአንቀጹ በሌላ የአማርኛ ቃል ስለሚተካ ክርክሩ ይበጣጠሳል። አይዲያ፣ አይዲያል እና አይዲያሊዝም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሳለ ሁሉም «ሐሳብ» ወደሚለው ሲጎተቱ፣ የበርክሌይ ክርክር ትርጉም አልባ ይሆናል። እንግሊዝኛው ቢከብድ እንኳ ዋና ቃላቱን ባሉበት ትታችሁ ዐረፍተ ነገሩን በራሳችሁ አማርኛ ጻፉት፤ ለመማርም የሚጠቅመው ይህ ነው።

የመጻሕፍት ዝርዝሩ በየመጣጥፉ መጨረሻ ላይ እጅግ ሀብታም ነው፤ ችግሩ አብዛኛው በገንዘብ የሚገዛ መሆኑ ነው። የድሮዎቹን ፈላስፎች ራሳቸውን ለማንበብ ጆናታን ቤኔት ያዘጋጀው «ኧርሊ ሞደርን ቴክስትስ» የተሰኘ ነፃ ድረ ገጽ አለ። ቤኔት የበርክሌይን ሁለት መጻሕፍትና ካንት በ1783 የጻፈውን መልስ ጨምሮ ብዙ ሥራዎችን ለዛሬ ተማሪ በሚገባ እንግሊዝኛ አቅልሎ አዘጋጅቷቸዋል። ከስታንፎርዱ ጋር አጣምሮ ለሚጠቀም ሰው ከዚህ የተሻለ ጥምረት አናውቅም። ለዩኒቨርሲቲ ወረቀት ስትጠቅሱ ግን የተቀለለውን ሳይሆን የደራሲውን ትክክለኛ ቃል የያዘ እትም ጥቀሱ።

ተፎካካሪው በዚያው በ1995 በጄምስ ፊዘር የተጀመረው የኢንተርኔት የፍልስፍና ኢንሳይክሎፒዲያ ነው። እሱም በነፃ ነው፣ መጣጥፎቹም በባለሙያ ይመረመራሉ። አጻጻፉ ቀለል ያለ ስለሆነ ለሁለተኛ ደረጃና ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከስታንፎርዱ ይሻላል፤ የሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ኮርስ ለሚወስድ ተማሪ መነሻ እንዲሆን እሱን እንመክራለን። ጥልቀቱና የማኅደር ሥርዓቱ ግን ከስታንፎርዱ ጋር አይወዳደርም፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ የምታጣቅሱት ስታንፎርድን ይሁን። የምሥራቁን አይዲያሊዝም ለሚፈልግ ደግሞ የስታንፎርዱ ዋና መጣጥፍ ምዕራቡ ላይ ብቻ ስለሚያተኩር፣ ቡድሂስቱን ፈላስፋ «ቫሱባንዱ»ን በስሙ መፈለግ ያስፈልጋል፤ የሚታየው ሁሉ የንቃት መገለጫ ብቻ ነው የሚለው ትምህርት በርክሌይ ከመወለዱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ ምን ዓይነት ክርክር እንደቀረበለት እዚያ ይገኛል።